ቢላ የማያስፈልገው ምሳ

የአባቴ ሱቅ ለተከራይ ሊሰጥ ነውና የስፌት መኪናውን ልናወጣ ስንል፣ የግራው መሳቢያ እንደ ልማዱ አልከፈት አለ። አባቴ በሕይወት ሳለም ያ መሳቢያ ከእሱ በቀር ለማንም አይታዘዝም ነበር፤ እሱ በጉልበቱ ከሥር ገፋ፣ በመዳፉ ከላይ መታ ሲያደርገው ይከፈታል፣ ሌላው ሰው ግን ላቡ ጠብ እስኪል ቢጎትተው ንቅንቅ አይልም። እኔም እንደ እሱ ከሥር ገፋሁ፣ ከላይ መታሁ፤ ተከፈተ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የመኪና ዘይት፣ የልብስ ጠመኔ፣ የቆየ ሱፍ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የደረቀ ላባ። ከቁልፎቹና ከተሰበሩት መርፌዎች በታች አንዲት ዝገት የበላት የከረሜላ ቆርቆሮ ነበረች። ስከፍታት በቀይ ጨርቅ ላይ የተሰካኩ የዓሣ መንጠቆዎች አገኘሁ፤ በእያንዳንዱ መንጠቆ ወገብ ላይ የአውራ ዶሮ ላባ በስፌት ክር ተጠምጥሞበታል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መጣችና አንዱን ነቅላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ከዚያም እነበረበት መልሳ ሰካችው። እኔ ግን ሱቁ መሐል ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በቀብሩ ቀን እንግዳ ሳስተናግድ የጠፋብኝ እንባ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ሲጠብቀኝ የቆየ ይመስል።

አባቴ ሰይድ በሐይቅ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓሣ በላባ ማጥመድን ያስተማረው መንገድ ሊለካ የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው፤ ሰውዬው የተቀደደ ሱሪ ሊያስጠግን ሲመጣ ባርኔጣው ላይ ዝንብ የሚያካክሉ ነገሮች ሰክቶ ነበር፤ አባቴ ዝንቦቹን ሊያባርርለት እጁን ሲያወናጭፍ መንጠቆው ጣቱን ወጋው። በዚህ ተዋወቁ። ፈረንጁ ወደ ውሃው ዳር ወስዶ አሳየው፤ ላባው የተጠመጠመበትን መንጠቆ በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ውሃው ፊት ላይ እንደ ዝንብ ያሳርፈዋል፣ ዓሣው ምግብ መስሎት ይዘልበታል። አባቴ ያን ጊዜ በፈረንጁ ጥበብ ከመደነቅ ይልቅ የክሩን አጠማጠም ተመልክቶ፣ ይሄማ የእኔ ሥራ ነው፣ አለ አሉ። ፈረንጁ አገሩ ከገባ በኋላ አባቴ የራሱን መሥራት ጀመረ፤ በዚያ ዘመን በሰፈራችን የአንገቱ ላባ የተሟላ አውራ ዶሮ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ዶሮአቸውን ሲፈቱ አባቴ ሱቅ ውስጥ መሆኑን አይተው ነበር የሚፈቱት። በመረብ የሚያጠምዱት የከተማችን ዓሣ አጥማጆች ደግሞ በእሱ መሳቅ አይሰለቻቸውም። ሰይድ ለዓሣ ልብስ ይሰፋል ይሉ ነበር፤ ልኩን መቼ ወሰድከው ብለውም ይጠይቁታል።

እሱም ይስቃል። ስቆ ስቆ ቅዳሜ ሲደርስ ሸምበቆውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ በሌላው እጁ እኔን ይዞ ወደ አርዲቦ ይሄዳል። ሐይቅ ከደጃችን እያለ ለምን ሌላ ውሃ ድረስ እንደምንኳትን ስጠይቀው፣ የሐይቅን ዓሣ ለሐይቅ ሰው ማብላት ምን ብርቅ አለው፣ ይለኛል። ለየትኛው የሐይቅ ሰው እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

እናቴ የመሪጌታ ልጅ ነበረች። ስሟ ጥሩወርቅ ነበር፤ አባቴን ስታገባ ጦይባ ሆነች። አያቴን መሪጌታን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በር ወዲህ ባለች ጎጆ ተቀምጠው ዜማ ያስተምሩ ነበር። ሚስታቸው ገና በወጣትነት ስለሞተች እናቴን ራሳቸው አጥበው፣ ራሳቸው አጉርሰው፣ ራሳቸው ሹሩባዋን እየጎነጎኑ ነው ያሳደጓት፤ መሪጌታ ሹሩባ ይሠራሉ ተብሎ እስከ ደሴ ድረስ ተወርቷል። እንዲህ ያለችው አንድ ልጃቸው የሙስሊም ልብስ ሰፊ ስታገባ አልረገሙም፣ አልተቆጡም፣ ሽማግሌም አላሳፈሩም። በእኛ አገር ሰው በሃይማኖት ተለያየ ተብሎ አይጣላም፤ ዘመዱ ከወዲያም ከወዲህም ነው። ግን ሲከፋቸው ምን እንደሚያደርጉ ያወቀች እናቴ ብቻ ናት። ቤቷ አይበሉም።

መምጣቱንስ ይመጣሉ። ለዒድ አልአድሃ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ይመጣሉ፣ እኔ ስታመም ይመጣሉ፣ ገበያ ውለው ሲመለሱም ጎራ ይላሉ። ግቢያችን ውስጥ ካለችው የኮሽም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከአባቴ ጋር ይጨዋወታሉ፤ አባቴ ሲሰፋ አምባሰል ማንጎራጎር ይወዳል፣ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው የዜማ ጆሮ ነውና፣ «ሰይድ፣ አምባሰልህ ወደ ባቲ እየሸሸብህ ነው፤ መልሰው እንጂ!» ይሉታል፤ እሱም ከሱቁ ውስጥ ስቆ ይመልሰዋል። እናቴ ግን ቆሎም ብታቀርብ፣ ንፍሮም ብታቀርብ፣ ማርም ብታቀርብ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ጾም ነኝ፣ ጥሩዬ።» ስሟን እንኳ አልለወጡትም። ይህን የሚሉት ቀና ብለው አይተዋት፣ ትንሽ ፈገግ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ሰው እንዳይከፋው የሚነገር ውሸት በሚነገርበት ድምፅ። እኔ በልጅነቴ አያቴ ከዓመት እስከ ዓመት እህል የማይቀምሱ ሰው ይመስሉኝ ስለነበር፣ አንድ ቀን መንገድ ዳር እሸት በቆሎ ሲበሉ ባያቸው ክው አልኩ፤ ለማንም ሳልናገር ኃጢአታቸውን ደበቅሁላቸው።

አባቴ በየሳምንቱ ያንን ጾም ነኝ ይሰማል። እናቴ ሳህኑን ይዛ ወደ ጓዳ ስትመለስ ጀርባዋን ያያል። ምን እንዳሰበ ለማንም አልነገረም፤ ግን አንድ ዓመት ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ሲገባ፣ ማለትም ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት፣ መሪጌታ ከኮሽሟ ሥር እንደተቀመጡ ሱቁን ትቶ ወጣና ፊታቸው በርከክ አለ።

«መሪጌታ፣ እንግዲህ አሁን ጾም ነኝ አይሉኝም።»

አያቴ ሳቁ። «ይዘኸኛል አንተ ልጅ።»

«ሥጋ ይብሉ አልልዎትም። አውቃለሁ። ዓሣ ግን ቢላ አያስፈልገው፣ ማንም አይባርከው፣ የእኔም የእርስዎም አይደል። በገዛ እጄ ከአርዲቦ አምጥቼ፣ ሥጋ ባልነካው በአዲስ ድስት ጦይባ ብትሠራልዎትስ? ልጅዎን የወሰድኩብዎ እኔ ነኝ፤ አንዲት ምሳስ አላመጣልዎትም?»

መሪጌታ ጭራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ጉልበት አዛወሩ። «ዓሣማ» አሉ በመጨረሻ፣ «ዓሣማ የፈጣሪ ነው።» ከዚያም ወደ ጓዳው በር ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ፣ ጥሩዬ!» አሉ። እናቴ ከበሩ ኋላ ቆማ ስትሰማ ነበር። እኔን አቅፋ ፀጉሬ ውስጥ ተነፈሰች።

በማግሥቱ ገበያ ሄዳ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛች። አሟሸችው፣ አጠበችው፣ ሥጋ ከገባበት ዕቃ ሁሉ አርቃ ቆጥ ላይ ሰቀለችው። ከአምባሰል የአባቴ እናት፣ አያቴ ከድጃ፣ በዚያው ሰሞን ልትጠይቀን ወርዳ ነበርና፣ ያ ድስት በባዶው የሚከበርበትን ምክንያት ለመረዳት ሞክራ አልሆነላትም። እሷ ደገኛ ናት፤ በግና ፍየል ታውቃለች፣ ንብ ታውቃለች፤ ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር ግን እንኳን በልታ በቅርብም አይታ አታውቅም። ሆኖም መሪጌታን ከልቧ ታከብራቸው ነበርና፣ ሊበሉ ነው ሲባል ከእናቴ ባልተናነሰ ተደሰተች።

ቅዳሜ ሱቁ በጊዜ ተዘጋና ከአባቴ ጋር ወጣን። ያኔ ባጃጅ የለም፤ በእግር ነው። የበልጉ ዝናብ ጣል አድርጎ ስለነበር መንገዱ የእርጥብ አፈርና የፍግ ሽታ ይሸታል፣ በማሳው ዳር የቆሙት ቁልቋሎች ላይ ውሃው ያብለጨልጫል፣ አባቴ ደግሞ የሰፈረበት ደስታ እግሩን ያፈጥነዋልና እኔ በሩጫ ነበር የምከተለው። አርዲቦ ስንደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላ ውሃው እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ፊላው ውስጥ ወፎች ይንጫጫሉ። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባ፣ ከቆርቆሮው አንዱን ላባ መርጦ ክሩ ላይ አሰረ፣ ሸምበቆውን ወደ ኋላ አነሳና ቆመ። አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ዛሬ ቢስሚላህ በልባችን ነው የምንለው፣ አለኝ። አባቴ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ፣ ቁልፍ ሲተክል፣ ውሃ ሲጠጣ፣ በር ሲከፍት ቢስሚላህ የማይል ሰው አልነበረም፤ ምላሱ ከዚያ ቃል ጋር አብሮ የተወለደ ነው የሚመስለው። ያን ቀን ግን በዚያ ዓሣ ላይ የማንም ቃል እንዳያርፍበት፣ አማቱ ሲቀርብላቸው ልባቸው እንዳይጠራጠር፣ ከንፈሩን ነክሶ ነበር የሚወረውረው። «አላህ የልብም ይሰማል፣ ሀዩዬ። አብሽሪ» አለኝ። ላባዋ ውሃው ላይ ስታርፍ ድምፅ የላትም። ቀለበት ቀለበት እየሠራች ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ ከሥር አንድ ጥቁር ጥላ ይመጣና ውሃው ቦጭ ይላል፣ ሸምበቆው ይጎብጣል፣ አባቴ ደግሞ ሊጮህ የፈለገውን ሁሉ በጉንጩ ይዞ ዓይኑ ይፈጣል። እኔ ባልዲውን ይዤ እየሮጥሁ እስቃለሁ። ያን ያህል የተደሰተ ሰው ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም።

ያደርነው አርዲቦ ዳር በሚኖር የአባቴ ደንበኛ ገበሬ ቤት ነው። በማለዳ እንደገና ጥቂት አጠመድንና ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ያለበትን ባልዲ ይዘን ተመለስን፤ አባቴ መሪጌታ የሚበሉት ዓሣ ከእነ ነፍሱ ድስቱ አጠገብ መድረስ አለበት ብሎ ነበርና፣ ወንዝ ባገኘን ቁጥር ውሃውን እየቀየረ፣ በቅጠል እየሸፈነ፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቀ ነው ያደረሰው። ቤት ስንገባ ባልዲውን ጣሪያው ጥላ ሥር አስቀመጠ። እናቴ ማድ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እሱ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ሊሰግድ ወደ መስጊድ ሄደ።

አያቴ ከድጃ በዚህ መሐል መጥታ ባልዲውን ከፈተች። ዓሦቹ ይተነፍሳሉ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አያቴ ደነገጠች፤ እንግዳ ለዚያውም እንደ መሪጌታ ያለ የተከበረ እንግዳ በሚበላበት ቀን፣ ነፍስ ያለው ነገር ሳይታረድ ድስት ሊገባ ነው፤ በክት ሊያበሏቸው ነው። ልጇም ምራቷም ዘንግተውት እንጂ አውቀውማ አያደርጉትም። ሰው ሳታሳፍር ቤቱን ልታድን ቆርጣ ወደ በሩ ወጣችና የሰፈራችንን አራጅ፣ ጋሽ እንድሪስን፣ ከደጁ ጠራችው። ዶሮውንም በጉንም ለሰፈሩ ሙስሊም የሚያርደው እሱ ነው።

«እሜቴ፣ ዓሣ እኮ አይታረድም፤ እንዲሁ ሀላል ነው» አላት ባልዲውን አይቶ።

«አንተ ደግሞ! ነፍስ የለውም ልትለኝ ነው? ያውና ይተነፍሳል። እንግዳ እየመጣ አታከራክረኝ፤ በል በአላህ!»

ጋሽ እንድሪስ አዋቂ ሰው ነበር፤ ግን ነጭ ፀጉር የለበሰችን ሴት እምቢ ማለት አያውቅም። ምን ክፋት አለው ብሎ ሳይሆን አይቀርም ቢላውን አወጣ። ግቢው በር ላይ ወደ ቂብላ ዞሮ በርከክ አለ፣ ዓሣውን ለመያዝ ሞከረ፤ አሟለጨው፤ አቧራው ላይ ተከትሎ ያዘው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ፣ ልጆች ተንጫጩ። ከዚያ ለበግ በሚለው ሙሉ ድምፁ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር!» አለ። እኔ አባቴ ከንፈሩን የነከሰለት ቃል እንዲያ ጮክ ብሎ ሲወጣ ስሰማ «እማ! እማ!» እያልሁ ወደ ማድ ቤት በረርሁ። እናቴ ሽንኩርቱ እንዳስለቀሳት፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ስትወጣ የመጨረሻው ዓሣ አንገቱ ላይ ቢላው አርፎ ነበር።

መሪጌታ ደግሞ ከበሩ ውጭ ቆመዋል። ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ገና ከቅዳሴ መምጣታቸው ነው። ሁሉንም አይተዋል።

ዓሣው እንግዲህ ዓሣ መሆኑ ቀረ። ቢላ አርፎበታል፣ ቃል ተብሎበታል፤ ከበጉና ከፍየሉ ተቆጥሯል። ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ሕፃኑም ጭምር፣ የማን ሥጋ ለማን እንደማይሆን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። በክት እንዳይበሉ ስትጣደፍ ነገሩን ያላስተዋለች አያቴ ከድጃ ብቻ ነበረች። ደስ ብሏት ወደ እሳቸው ሄደችና፣ «ኖር መሪጌታ! በክት ሊያበሉዎት ሲሉ ደርሼ አሳረድኩልዎት፣ አልሐምዱሊላህ» አለቻቸው። አባቴ በዚያው ደቂቃ ከመስጊድ ተመልሶ ከኋላቸው ደርሶ ነበር። አቧራው ላይ ያለውን አየና በዓይኑ እናቴን ፈለገ።

አያቴ መቋሚያቸውን ከበሩ አስደገፉ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ ከድጃ፤ አክብረውኛል» አሉ። እና እናቴ ካገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሽሟን አልፈው ቤቱ ውስጥ ገቡ።

እናቴ ዓሣውን በአሮጌው ድስት ሠራችው፤ ሌላ ምን ታድርግ። ምሳው ቀረበ። መሪጌታ እጃቸውን ታጠቡ፣ ማዕዱን ባረኩ፤ እናቴ ፊታቸው ቆማ ትጠብቃለች። ያን ቀን ጾም ነኝ አላሉም። «አልቻልኩም፣ ጥሩዬ» አሉ፤ በአጭሩ፣ በእውነቱ። «ነይ፣ ቁጭ በይ። እኔ ላጉርስሽ።»

ተቀመጠች። አያቴ እሳቸው የማይቀምሱትን ዓሣ አጥንቱን በጣታቸው ጫፍ እየለቀሙ፣ በእንጀራ እየጠቀለሉ አጎረሷት፤ እናት የሌላትን ሕፃን ሲያሳድጉ የለመዱት እጅ አልረሳም ነበር። አንድ አጎረሷት፣ ደገሟት። እሷም እያለቀሰች እያላመጠች፣ ሳታስበው፣ ሰው ሲያጎርሱት እንደሚያደርገው ሁሉ በእጇ ጠቅልላ ወደ አባቷ አፍ አነሳች። መሐል ላይ ስትደርስ ትዝ አላት። እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። አያቴ ከድጃ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው፤ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ፣ «ያ ረቢ፣ ምን አደረግሁ!» አለች። እናቴ እጇን ቀስ አድርጋ መለሰችና ጉርሻውን እኔ አፍ ውስጥ አደረገችው። በላሁት። በርበሬው ጉሮሮዬን ሲያቃጥለኝ እስካሁን ይሰማኛል።

ሲሄዱ ሁላችንም እስከ በር ሸኘናቸው። አባቴን ትከሻውን ይዘው፣ በሚመጣው እሁድ እንደገና ሞክር፣ አሉት፤ ከዚያ ወደ አያቴ ከድጃ ዞረው፣ «እሜቴን ግን ቢላ ደብቁባቸው» ሲሉ ከእንባዋ ጋር ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ ወደ አምባሰል አልመለስም አለች። ባልዲውን እኔው ነኝ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ብላ ማለች፤ ቅዳሜ ስንወጣም በቤቱ ያለውን ቢላ ሁሉ ሰብስባ ጓዟ ውስጥ ቋጥራ አየኋት።

በዚያኛው ቅዳሜ አርዲቦ ፊቱን አጠቆረብን። ዝናቡ ውሃውን አደፍርሶት ላባችንን የሚያይ ዓሣ ጠፋ፤ አባቴ እስከ ደረቱ ገብቶ፣ ብርድ እያንቀጠቀጠው፣ አሁንም ከንፈሩን እንደነከሰ እስኪመሽ ወረወረ። እሁድ ማለዳ ሰማዩ ሲከፈት ጥቂት ያዝን፤ ለአንድ ሰው ምሳ ይበቃል፣ ለአንድ ሰው ከበቃ ደግሞ ለዛሬ ይበቃል አለኝ። ባልዲውን በቅጠል ሸፍነን እየተጣደፍን ወረድን።

ከተማው መግቢያ ላይ ካለችው ዋርካ ሥር ሰው ተሰብስቦ አየን። መሪጌታ ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ አንድ ሰው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ እያለበሰ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ወደ እኛ ቤት ሲመጡ ደከመኝ ብለው አረፍ እንዳሉ አልተነሱም። አብሯቸው የነበረ ዲያቆን ለአባቴ ሲነግረው ሰማሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጸበል ጻድቁ ሲታደል መሪጌታ ይቅመሱ እንጂ ቢሏቸው፣ ዛሬ ልጄ ቤት ምሳ አለብኝ፣ ሆዴን ለሷ ነው የማኖረው፣ ብለው እምቢ ብለዋል። ከዋዜማው ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም።

አባቴ ባልዲውን ሳያስቀምጥ ነው የሰማው። እንደያዘው ወደ ቤት ሄደ፤ ማስቀመጥ ያለበት መሆኑን የረሳ ይመስለኛል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ትጠብቅ ነበር፣ ከኋላዋ ከማድ ቤቱ የተቁላላው ሽንኩርት ይሸታል፤ መጀመሪያ ያየችው ባልዲውን ነው። ባልዲውን አይታ ፈገግ አለች። ከዚያ የአባቴን ፊት አየች።

የተቀበሩት ገዳሙ ውስጥ ነው። ገዳሙ ሴት አይገባበትምና እናቴ ከበሩ ውጭ፣ ውሃው ዳር ቆማ አለቀሰች፤ አባቴ አስከሬኑን ከተሸከሙት መካከል ነበር፣ የከተማችን ሙስሊሞችም አፈር ሲያለብሱ ነበሩ። ሲወጣ የመቃብሩን ቦታ የልብስ ልክ እንደሚናገር ሰው አጥርቶ ነገራት፤ ወይራው አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ። እሷ እስከ ዛሬ አላየችውም፤ አታየውምም። ማምሻውን አባቴ ባልዲውን አንስቶ እኔን ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደ። ዓሦቹ አሁንም ይተነፍሱ ነበር። ገዳሙ ፊት ለፊት ሲደርስ ባልዲውን አዘነበለና አንድ በአንድ ለቀቃቸው። «የመሪጌታ ናቸው፤ ለሌላ ሰው አይሆኑም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሸምበቆ ይዞ አላየሁትም፤ ቆርቆሮዋም ያ ለእሱ ብቻ የሚታዘዘው መሳቢያ ውስጥ ገባች። እናቴ ስለዚያ ቀን በሕይወቷ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባቴ ርቦት ሞተ» ትላለች። አባቴ ይህን ስትል መኪናውን መርገጥ ያቆማል፤ ጥቂት ይቆይና መልሶ ይረግጣል።

ዛሬ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚጠበስባቸው ቤቶች ተደርድረዋል። ከደሴም ከወልድያም ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይመጣል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው ዓሣ ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አጥንቱን ይጥላሉ፤ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሚበሉ የሚነግራቸው የለም። አባቴ፣ አያቴ ከድጃ፣ ጋሽ እንድሪስ ሁሉም አልፈዋል። ያ ድስት ግን አለ። እናቴ ያን እሁድ ሽንኩርቱን ደፍታ አጥባ ቆጡ ላይ መልሳ ሰቀለችው፤ ከዚያ ወዲህ እሳት አልነካውም፤ ቤት በቀየርን ቁጥር ከእኛ ጋር ቀይሯል።

የሱቁን ቁልፍ ለተከራዩ የሰጠን ቀን እናቴን ወደ ውሃው ዳር ወሰድኳት። ከነዚያ ቤቶች አንዱ ውስጥ ተቀምጠን ዓሣ አዘዝኩ፤ ገዳሙ ማዶ ይታያል። መጀመሪያ አንገቱን አየሁት፤ ልማድ ሆኖብኛል፤ ቢላ አልነካውም። እናቴ አጥንቱን በጣቷ ጫፍ እየለቀመች እኔን፣ ፀጉሬ መሸበት የጀመረውን ልጇን፣ ማጉረስ ጀመረች። አንድ አጎረሰችኝ፣ ደገመችኝ። እኔም ጠቅልዬ ወደ አፏ አነሳሁ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ትንሽ ፈገግ አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጾም ነኝ» አለችኝ።

ረመዳን ካለፈ ወራት ሆኖታል። እጄን ቀስ አድርጌ መለስሁና ጉርሻውን እኔው በላሁት።